ለ24 የደጋ ሴቶች በግ ማድለብ፦ ከደሴ በላይ ላለ ቀበሌ ስንት በግ፣ ምን ያህል መኖ፣ ለየትኛው በዓል?

ጦሳ ማዶ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ በጉጉፍቱ መንገድ ወደ ላይ ሲወጣ ባለ አንድ ደጋ ቀበሌ 24 ሴቶችን በበግ ማድለብ ለማደራጀት ዝግጅት ተጀምሯል። ቀበሌው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የበልግ ገብስ አገር። በልግ ሲቀር ቤት ይራቆታል፣ መኸሩን ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይመታዋል። ከሴቶቹ 9ኙ ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ ናቸው፤ 6ቱ መሬት የላቸውም። ገንዘቡን ያዋጡት የአካባቢው ተወላጆች ናቸው፤ አንዴ ከከሰረ የሚተካው የለም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚያውቅ ሰው ምክር እንፈልጋለን።

በእጅ ያለው ብር ዛሬ ባለው ዋጋ 50 ጠቦት ይገዛል። አንዴ ገዝቶ ማከፋፈል ይሻላል ወይስ ቀስ በቀስ? በጎቹ በአንድ የጋራ ጉረኖ ይሁኑ ወይስ በየቤቱ? የ2019 በዓላትን አይተን የትኛውን እናነጣጥር? ከደጋው በሽታ የትኛው ነው በእርግጥ በግ የሚጨርሰው? ደግሞ ከሴቶቹ ብዙዎቹ «ወለድ ያለበት ነገር ውስጥ እጃችንን አናስገባም» ብለዋል፤ ገንዘቡ እንዴት ይዙር? በግ ትተን ዶሮ እንስጣቸው የሚሉም አሉ።

---

ቦርከና

ጦሳ ማዶ፣ ከ50ው ጠቦት ልጀምር። ለ50 ጠቦት መግዣ የሚበቃ ብር 50 ጠቦት አያደልብም። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው፦ ብሩ ሁሉ በግ ይሆናል፤ በወሩ ፉርሽካው ያልቃል፤ በጉ ገለባ እየጋጠ ይከሳና በተገዛበት ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ይሸጣል። መኖው ተገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ነው ገመድ ይዞ ገበያ የሚወጣው።

ሒሳቡን በአንድ በግ እንየው። 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ዕድሜው ዓመት ገደማ የሆነ ጠቦት ለ90 ቀን ይያዛል። በቀን 350 ግራም ድብልቅ መኖ እና 600 ግራም ያህል ድርቆሽ ይበላል። 350 ግራሙ ግን ከመጀመሪያው ቀን አይሰጥም። በ100 ግራም ይጀመርና በየ3 ቀኑ 50 ግራም እየተጨመረ በ15 ቀን ውስጥ ይደረስበታል። በዚህ ስሌት አንድ በግ በ90 ቀን 30 ኪሎ ድብልቅ መኖና 54 ኪሎ ድርቆሽ ይጨርሳል። እኔ የምመክረው በመጀመሪያው ዙር 12 ሴት፣ ለአንዷ 3 በግ፣ በድምሩ 36 ነው። ለ36ቱ 11 ኩንታል ያህል ድብልቅ መኖና 20 ኩንታል ድርቆሽ ያስፈልጋል። ይህን በዛሬ ዋጋ አባዙትና ከብሩ ላይ ቀንሱ፤ 50 በግ ለምን እንደማይሆን ያኔ ይታያችኋል። ለአንዲት ሴት 3 ያልኩት ለአንድ በግ ውሃ መቅዳትና ለሦስት በግ ውሃ መቅዳት ድካሙ ብዙም ስለማይለያይ ነው።

ድብልቁ ለአንድ ኩንታል፦ 65 ኪሎ ፉርሽካ፣ 32 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ 2 ኪሎ የመኖ ኖራ፣ 1 ኪሎ ጨው። ኖራውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ መዝለል የለበትም። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ያለ ኖራ ሲዘወተር በተለይ በተኮላሸ በግ የሽንት ቧንቧ ላይ ጠጠር ይሠራል፤ በጉ ያምጣል፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል ወይም ጨርሶ ይከለከላል፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ካመለጠ በኋላ ነው። ኖራ ስል ከመኖ ነጋዴ የሚገዛውን የድንጋይ ዱቄት እንጂ ቤት የሚለሰንበትን የተቃጠለ ኖራ እንዳይደለ አደራ፤ እሱ አፍና አንጀት ያቃጥላል። ውሃም እንዲሁ ነው፦ ደረቅ መኖ የሚበላ በግ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ይፈልጋል። በደጋው ብርድ ጠዋት የቀረበ በረዶ የመሰለ ውሃ ስለማይጠጣ ፀሐይ ሞቅ ካደረገው በኋላ ስጡት።

ፉርሽካ ከደሴም ከኮምቦልቻም የዱቄት ፋብሪካዎች ይገኛል። ጆንያው «ኩንታል» ተብሎ ቢሸጥም ሚዛን ላይ ሳይወጣ አይከፈልበትም። እጅ ከትታችሁ ከመሐል አውጡና አሽትቱ፤ የሻገተ ወይም የሞቀ ከሆነ ተዉት። ፋጉሎ ሻጋታ ካለበት ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አይገዛም፣ መርዝ ነው። ጠጣር ስለሆነ በሙቀጫ ተሰባብሮ ነው የሚደባለቀው። ከኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የብቅል አተላ አምጡ የሚላችሁ ሰው ይኖራል፤ መኖነቱ ጥሩ ነው፣ ግን አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ይኮመጥጣል። ኮምቦልቻ ዙሪያ ላለ ሰው ያዋጣል እንጂ ተራራ ላይ በኪራይ መኪና ውሃ መጫን አያዋጣም።

አሁን እውነቱን ልናገር፦ የእኛ የደጋ በግ በዚህ አያያዝ በ90 ቀን የሚጨምረው ከ5 እስከ 7 ኪሎ ነው። 15 ኪሎ ይጨምራል ብሎ ዕቅድ የጻፈላችሁ ካለ ወረቀቱን መልሱለት። ስለዚህ ትርፉ ከሥጋው ብቻ አይመጣም፤ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ቀን ግማሹን ድርሻ ይይዛል።

የ2019 አቆጣጠር ለእናንተ ተመቻችቷል። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ ዐረፋ ደግሞ ጨረቃዋን ተከትሎ ግንቦት 8 ገደማ ይውላል። በወሎ ሁለቱም ትልቅ የበግ ገበያ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በጥር ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግዙ፤ 90 ቀኑ ፋሲካ ላይ ይደርሳል። በፋሲካ ያልተሸጠው ለዐረፋ ይቆያል፤ ስለዚህ ለአንድ በግ የ2 ሳምንት ተጨማሪ መኖ፣ 5 ኪሎ ያህል፣ አስቀምጡ። ለዐረፋ የሚቀርበው ከመግዣው ቀን ጀምሮ ይመረጥ፦ ዕድሜው የደረሰ፣ የማያነክስ፣ ዓይኑ ያልጠፋ፣ ጆሮው ያልተቆረጠ። ለኡድሒያ (ለዐረፋ መሥዋዕት) የሚገዛ ሰው ጉድለት ያለበትን አይወስድም፤ ለፋሲካ ግን ጆሮው የተሰነጠቀው ችግር የለበትም።

ሽያጩ በዋዜማው አይሁን። በዋዜማ በጉን ይዞ መመለስ የማይችል ሻጭ ደላላ ፊት አቅም የለውም። ከበዓሉ 10 ቀን ቀደም ብሎ ግማሹን፣ 4 ወይም 5 ቀን ሲቀረው ደግሞ የተረፈውን ማውጣት ይሻላል። በእግር አታውርዷቸው፤ ተራራ የወረደ በግ ሆዱ ተጣብቆ ይደርሳል፤ ገዢ የሚያየው ሆዱንና ወገቡን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ሠራተኞች ለበዓል በጋራ ሲገዙ የሚያስተባብር ሰው አላቸው፤ ከአንድ ወር በፊት ቀርባችሁ ብታነጋግሩ 15 እና 20 በግ በኪሎ ሒሳብ ልትጨርሱ ትችላላችሁ።

---

የጉረኖ ሐኪም

የቦርከናን መኖ እደግፋለሁ፤ የበሽታውን ነገር ልጨምር።

በመግዣው ቀን ዓይን ይቅደም። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጣችሁ እዩ፦ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደህና፣ እንደ ወረቀት ከነጣ ትል ደሙን ጨርሶታል። ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ አትግዙ። ራሱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ የሚዞር ወይም ከግድግዳ የሚጋጭ በግ አዙሪት የያዘው ነው፤ በመድኃኒት አይድንም፤ ሻጩም ስለሚያውቅ በርካሽ ይሰጣችኋል። ይህ በሽታ ከውሻ ነው የሚመጣው፦ የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ ከተጣለ ትሉ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ በግጦሽ ላይ ይበተናል። ስለዚህ ጭንቅላት ወይ ይቀበራል ወይ ይቃጠላል። ጥርሱን አይታችሁም ከፊት ሁለቱ የወተት ጥርሶች የወደቁ ወይም ሊወድቁ የደረሱትን ምረጡ፤ ያረጀ በግ መኖ ይጨርሳል እንጂ አይሰፋም።

ከገበያ የመጣው በግ ቢያንስ 2 ሳምንት ከነባሮቹ በጎች ተለይቶ ይቆይ። በመጣ በማግስቱ የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠዋል። ገበያ ላይ የሚገኘው የበግ አልቤንዳዞል ባለ 300 ሚሊግራም እንክብል ነው፤ ለ20 ኪሎ በግ ግማሹ ይበቃል። ያ በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ማለት ነው፤ የጎለመሰውን የጉበት ትልም የሚገድለው ይህ መጠን ነው። ሰው በግምት ሩብ እየሰጠ ነው ትሉን ከመድኃኒቱ ጋር የሚያላምደው፤ እባካችሁ ክብደቱን መዝናችሁ ስጡ። ነገር ግን በጉ ጨፌ ላይ ሲግጥ የቆየ ከሆነ በጉበቱ ውስጥ ያልጎለመሰ ትል ይኖራል፤ ያንን አልቤንዳዞል አይነካውም። ለዚያ ትራይክላቤንዳዞል በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው። የት ሲግጥ እንደቆየ ሻጩን መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እርጉዝ እናት በግ ካለች አልቤንዳዞል በመጀመሪያው የእርግዝና ወር አይሰጣትም።

እከክና ቅማል ካለ አይቨርሜክቲን በቆዳ ሥር ይወጋል፤ አንድ በመቶ የሆነው ፈሳሽ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊሊትር ነው፤ ስለዚህ ለ20 ኪሎ በግ 0.4 ብቻ። መርፌውን የሚወጋው የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሁን። መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ሥጋው የማይበላበት ጊዜ በብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ አንዳንዱ ከወር በላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከተጨረሰ ለበዓል ችግር የለውም፤ በመጨረሻው ወር ግን ሽያጩን ያበላሻል፤ የሚበላውንም ሰው ይጎዳል።

ክትባትን በተመለከተ የበግ ፈንጣጣ፣ ደስታ መሰል በሽታ፣ ጎርርሳና አባ ሰንጋ ናቸው የሚያሳስቡት። የትኛው በአካባቢው እየዞረ እንዳለና የትኛው ክትባት እንዳለ ከወረዳው እንስሳት ጽሕፈት ቤት ከመግዣው ወር በፊት ይጠየቅ፤ ክትባቱ ከቅዝቃዜ ውጭ ቆይቶ የመጣ ከሆነ ውሃ እንደ መውጋት ነው። ብዙ በግ ባንዴ ቢሞትባችሁ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ በወረዳው ባለሙያ በኩል ናሙና ይላክ። ሳይታመም በድንገት ሞቶ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የወጣውን ግን በፍጹም አትክፈቱት፣ ሥጋውንም አትቅመሱ፤ አባ ሰንጋ ሰውን ይገድላል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

በድለባ ላይ ብዙ የሚታየው ሞት ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከእህል ነው። በጉ ገመዱን ፈትቶ ጆንያ ላይ ያድራል፤ ወይም አንዷ «ቶሎ ይስባ» ብላ ገብስ ትጨምርለታለች። ሆዱ ይኮመጥጣል፤ መብላት ያቆማል፣ ይተኛል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይከተላል። ድብልቅ መኖውን ወዲያው አቁሙ፤ ለ2 ቀን ድርቆሽና ውሃ ብቻ። በመጀመሪያው ሰዓት 20 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ቀስ ብሎ ማጠጣት ይረዳል፤ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ካጠጣችሁት ግን ሳንባው ውስጥ ይገባል። ሲሻለው ከ100 ግራም ይጀመራል እንጂ ካቆመበት አይቀጠልም።

ጉረኖው ለአንድ በግ 1 ሜትር ካሬ፣ ግርግሙ ላይ ለአንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይኑረው፤ ያለዚያ ጉልበተኛው የሁሉንም ይበላል። ደጋ ላይ ብርዱ ራሱ በግ አይገድልም፤ ንፋስና እርጥብ ወለል አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሳንባ የሚይዘው። ነፋስ የሚመጣበትን በኩል ዝጉ፣ ከላይ ግን አየር ይተው።

---

እታለም

ስለ በጉ ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ሴቶቹ ልናገር።

የጋራ ጉረኖ የሚባለውን ተዉት። በጋራ በግ ላይ ሁሉም ይቀልባል ሲባል ማንም አይቀልብም፤ ሲሞት ተጠያቂ የለም፤ ሲሸጥ ደግሞ «እኔ ብዙ ለፋሁ» ይመጣል። በጉ በየቤቱ፣ የእያንዳንዷ ይሁን፤ መኖ መግዛት፣ መድኃኒትና ሽያጭ ብቻ የጋራ ይሁን። ያ ነው የጋራ ጉልበት የሚጠቅመው፦ 11 ኩንታል የሚገዛ ሰው ነጋዴ ፊት ይከበራል፤ 30 ኪሎ የምትገዛ ሴት አትከበርም።

የመጀመሪያዎቹ 12 እንዴት ይመረጣሉ? እጣ ቢወጣ ያለ ቅሬታ ያልፋል፣ ግን በእጣው ውስጥ ባል ከሞተባቸውና ከተፋቱት 9 ሴቶች ቢያንስ 4 ወይም 5 እንዲገቡ አስቀድሞ ይወሰን። ረዳት ለሌላት ሴት 3 በግ ከከበዳት 2 ይበቃታል። ከመወሰኑ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ከእያንዳንዷ ጋር ሰዓቷን ቁጠሩ፦ ውሃ ስንት ሰዓት፣ ኩበትና እንጨት ስንት ሰዓት፣ ወፍጮ ስንት ሰዓት። በግ ማድለብ በቀን ሁለት ጊዜ መቀለብ፣ ውሃ ማቅረብ፣ ጉረኖ መጥረግ ነው፤ ከሁለት ሰዓት አያንስም። ይህ ሰዓት ከየት ይመጣል? ካልታሰበበት የሚመጣው ከልጅቷ ትምህርት ቤት ነው። ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ መግዛት ከበጉ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ያ የተረፈ ሰዓት ነው ለበጉ የሚሆነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ስለሚሠራ ደሴ ይገዛል፤ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ በገለባ ተጠቅልሎ ይጫን፤ አለዚያ ክፍሎቹ ይሰነጠቃሉ።

ትልቁ ነገር ሽያጩ ነው። ሴት ያደለበችውን በግ ገበያ የሚያወጣው ባል ነው፤ ብሩም ከገበያ ሳይመለስ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ይህን «ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ ሴትዮዋን ለ90 ቀን በነፃ ማሠራት ነው። ከመጀመሪያው ባልና ሚስት አንድ ላይ ተጠርተው፣ በቀበሌው የቅሬ ሽማግሌዎች ፊት፣ በጉ በማን ስም እንደሆነና ብሩ በማን እጅ እንደሚገባ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ቅሬ በሞት ጊዜ ሁሉንም የሚያገናኝ ስለሆነ እዚያ የተነገረ ቃል በቀላሉ አይፈርስም። ሽያጩን የሚያካሂዱ 3 ሴቶች ይመረጡ፤ ሒሳቡም ገበያ ላይ በእጅ አይከፋፈል፣ በየሴቷ ስም ባለ የባንክ ደብተር ይግባ። ደብተር ለሌላት በዚሁ ጊዜ ይከፈትላት።

ስለ ወለዱ፦ ከወለድ ነፃ የሆነ መንገድ አለ፤ ሴቶቹ ልክ ናቸው፣ እንዲያልፉት መገፋት የለባቸውም። ለመኖው ሙራበሃ ይሠራል። ማኅበሩ መኖውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ቤቱ ያስገባል፤ ከዚያ ለእያንዳንዷ በታወቀ ዋጋ፣ ለምሳሌ በ100 የገዛውን በ108፣ ያስረክባታል፤ ሽያጩ ሲደርስ ትከፍላለች። ሁለት ነገር ይጠበቅ፦ መኖው አስቀድሞ የማኅበሩ ንብረት ይሁን፤ ብታዘገይ ደግሞ ዋጋው አይጨመርባት። ጥሬ ብር ሰጥቶ «ስትመልሺ ጨምሪ» ከተባለ ያ ወለድ ነው፣ ስሙን መቀየር አያድነውም። ለበጉ ደግሞ እዚያው አገር የለመደ የርቢ ውል አለ፤ ማኅበሩ በጉን ያቀርባል፣ ሴትዮዋ ትቀልባለች፣ ሲሸጥ ከመግዣው በላይ ያለው ይካፈላል። ከትርፉ ሁለቱ እጅ ለእሷ፣ አንዱ እጅ ለማኅበሩ ቢሆን ፍትሐዊ ነው፤ ጉልበቱ የሷ ነውና። በጉ በእሷ ጥፋት ሳይሆን ቢሞት ኪሳራው የማኅበሩ ነው፤ ይህም ይጻፍ። ለዚህ ነው ከሽያጩ የተወሰነ ለሞት መጠባበቂያ የሚቀመጠው፤ ከ20 በግ የአንዱ ዋጋ ያህል ብታስቡ ጥሩ ነው።

ቁጠባውን በሣጥን ጀምሩ። ባለ ሦስት ቁልፍ የብረት ሣጥን፣ ሦስቱ ቁልፍ በሦስት ሴቶች እጅ፣ ሣጥኑ በአራተኛዋ ቤት። በየሳምንቱ በአንድ ቀን ይሰበሰባሉ፤ አንድ እጣ (የቁጠባ ድርሻ) ሁሉም የሚችለው ትንሽ ብር ይሁን፣ የቻለች እስከ 5 እጣ ታስቀምጥ። ብሩ በሁሉም ፊት ይቆጠር፤ የማያነቡትም እንዲያውቁ በእያንዳንዷ ደብተር ላይ በማኅተም ምልክት ይመታ። ለወሊድና ለሕመም የሚሆነው በሌላ ከረጢት ይቀመጥ እንጂ ከቁጠባው ጋር አይቀላቀል። በግ ሳይገዛ በፊት 3 ወር ይቆጥቡ። በየሳምንቱ መሰብሰብ ያልቻለ ማኅበር በጎች ሲገቡበት አይበረታም፤ ይፈርሳል።

---

ጦሳ ማዶ

እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ተጠቅመናል። ሁለት ነገር ቀረ። ሁለተኛዎቹ 12 እስከ መቼ ይጠብቃሉ? ደግሞ ፉርሽካ በየጊዜው ከደሴ መጫን ትርፉን ይበላዋል፤ መኖውን እዚያው ማምረት የሚቻልበት መንገድ የለም? የዶሮውንም ነገር አልነካችሁትም።

---

የእርከን ሰው

ሁለተኛው ዙር በክረምት አይሁን። በሰኔ መግዛት ርካሽ ይመስላል፤ ሰዉ በችግር ስለሚሸጥ። ግን ያ ወቅት ድርቆሽ ያለቀበት፣ ጉረኖ ጭቃ የሆነበት፣ ትል የሚበዛበት ነው። መስከረም መጨረሻ ገዝታችሁ ለገና ሽጡ፤ ከክረምቱ በኋላ ሣሩ ሞልቷል፣ የሚገዛው መኖ ይቀንሳል። ሁለተኛዎቹ 12 እስከዚያ ዝም ብለው አይቀመጡ፤ መኖ ያልማሉ፤ የመጀመሪያዎቹም ከእነሱ ድርቆሽ ይግዙ።

ለዚያ ከፍታ ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ የሚተካ አላውቅም። ብርድ ይችላል፤ ቅጠሉ ፕሮቲን አለው። የማይወደው ውሃ የሚቋጥር መሬት ነው፤ ጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ከተተከለ በአንድ ክረምት ሥሩ ይበሰብሳል። በእርከን ጫፍና በቤት ዙሪያ ይተከል። ዘሩ ጠንካራ ልብስ ስላለው የፈላ ውሃ አፍስሳችሁበት እስኪቀዘቅዝ ካላደረ አብዛኛው አይበቅልም። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ከበግና ከጥንቸል ይታጠር። መቁረጥ የሚጀመረው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ተትቶ ነው። ቅጠሉን በጥላ አድርቃችሁ ስጡ፤ በጎች ከእርጥቡ ይልቅ ደረቁን ይወዱታል፤ ለጥርም ይቀመጣል። ከፋጉሎው ቀስ በቀስ ግማሹን ይተካላችኋል። መሬት የሌላቸው 6ቱ ሴቶች ደግሞ የጋራ ተፋሰስ ሥራ በተሠራበትና ከግጦሽ በተከለለ ተራራ ላይ ሣር የማጨድ መብት በቀበሌው በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ጠይቁ። ሣሩ አበባ ሲጀምር በመስከረም መጨረሻ ይታጨድ፤ ኅዳር ላይ ቢጫ ሆኖ የታጨደ ሣር ገለባ ነው።

የገብስ ገለባውን በዩሪያ ማከም ይቻላል፦ ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ሟሙቶ ይረጫል፣ በፕላስቲክ አየር ሳይገባ ይታፈናል። ቆላ ላይ 3 ሳምንት ይበቃል፤ በእናንተ ብርድ 5 ሳምንት ይሁን። ከመስጠት በፊት አንድ ቀን ተበትኖ ሽታው ይውጣ። ያልሟሟ የዩሪያ እብጠት የላሰ በግ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ የሟሟበት ውሃም ክፍት አይተው። በመጀመሪያው ዙር አልመክረውም፤ እጃቸው ሲለምድ በሁለተኛው ይሞከር።

ዶሮ በ3,000 ሜትር ላይ ለዋና ሥራ አይሆንም። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያን በከሰል ሌሊቱን ሙሉ ማቆየት ከባድ ነው፤ መኖውም ሙሉ በሙሉ በግዢ ነው። ለጓሮ ከ5 እስከ 6 የሐበሻ ዶሮ ይበቃል፤ ለእነሱም ዋናው የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ በየ3 እና በየ4 ወሩ ሳይቋረጥ መስጠት ነው። የእንቁላሉ ብር ለጨውና ለሳሙና ይሆናል፤ ሴቷ ሳትጠየቅ የምታወጣው ብር ስለሆነም ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ 50 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን ለማኅበሩ ግዙ። በየ15 ቀኑ ሁሉም በግ ይመዘንና በየሴቷ ደብተር ይጻፍ። በ15 ቀን ውስጥ 700 ግራም እንኳ ያልጨመረ በግ ካለ ትል፣ ጥርስ ወይም ግርግም ላይ መገፋት ነው፤ ይታይ። በሁለተኛውም ሚዛን ካልጨመረ፣ መኖ እየበላ በዓሉ ከሚደርስ፣ በሚቀጥለው ገበያ ይሸጥና ቦታውን ሌላ ይያዘው።